«ላይቭሊ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየዕለቱ ጽሕፈት በአገባቡ ስለ መጠቀም

በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፉት የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገኘው በረጃጅሞቹና በአስቸጋሪዎቹ ቃላት ላይ አይደለም። ረጅሙን ቃል ጸሓፊው ስለሚፈራው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያረጋግጠዋል፤ አጭሩንና የለመደውን ግን አውቀዋለሁ ብሎ ሳይመረምር ያልፈዋል። ከእነዚህ ከተለመዱት ቃላት አንዱ «ላይቭሊ» የሚለው ነው። ትርጉሙ ሕይወት ያለው፣ ንቁ፣ የሞቀና የደመቀ ማለት እንደ ሆነ ማንኛውም ተማሪ ያውቃል። ነገር ግን የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ካልታወቀ፣ ጽሑፉን ሕያው ያደርጋል ተብሎ የገባው ቃል ሐሳቡን ሊገድለው ይችላል።

የሚከተሉት ሁለት ምሳሌዎች የነገሩን ክብደት ያሳያሉ።

አንድ የከተማ ጽሕፈት ቤት ጸሓፊ፣ ለውኃ ሥራ ርዳታ ለሚሰጥ የውጭ አገር ድርጅት ስለ ነዋሪዎች ስብሰባ ሪፖርት ያዘጋጃል እንበል። ሕዝቡ በብዛት መጥቷል፤ ሽማግሌዎች መርቀዋል፤ መዋጮውንም ሁሉም በአንድ ቃል ተቀብሎታል። ጸሓፊው ይህን ደስታ ለመግለጽ ሲል «ስብሰባው በጣም ላይቭሊ ነበር» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛን በልማድ የሚያውቀው አንባቢ ግን ስለ ስብሰባ «ላይቭሊ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው ክርክር የበዛበት፣ አንዱ ሌላውን የተቃወመበት፣ ምናልባትም ድምፅ ከፍ ከፍ ያለበት መሆኑን ነው። ስለዚህ ድርጅቱ «ሕዝቡ ያልተስማማበት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ርዳታውንም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሊያቆየው ይችላል። ሕዝቡ የተስማማበት ውኃ በአንድ ቅጽል ምክንያት ዘገየ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይብሳል። ድርቅ እርሻውን ያጠፋበት ሰው «መተዳደሪያዬን አጥቻለሁ» ብሎ ማመልከቻ ያጽፋል። መተዳደሪያ በእንግሊዝኛ «ላይቭሊሁድ» ይባላል። ማመልከቻውን የሚጽፍለት ሰው ግን ሁለቱ ቃላት መስለውት «ላይቭሊነስ» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ማመልከቻው የሚናገረው ሰውዬው እንጀራውን እንዳጣ ሳይሆን ጨዋታውንና ፍልቅልቅነቱን እንዳጣ ነው። የሚያነበው ባለሥልጣን ፈገግ ይል ይሆናል፤ የአመልካቹ ቤተሰብ ግን ሳይበላ ያድራል።

ስለ ቃሉ ሥርና ስለ ቅርጹ

«ላይቭሊ» የተገኘው «ላይፍ»፣ ማለት ሕይወት፣ ከሚለው ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሊፍሊች» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም በሕይወት ያለ ማለት ነበር። ከጊዜ በኋላ ትርጉሙ እየሰፋ ሄዶ ንቁ፣ ተንቀሳቃሽ፣ ደስታ የሚታይበት የሚለውን ያዘ። «ላይቭሊሁድ» ግን ምንም እንኳ ዛሬ የቅርብ ዘመዱ ቢመስል፣ የመጣው የኑሮ መንገድ የሚል ትርጉም ከነበረው ከሌላ ጥንታዊ ቃል ነው። የዛሬውን መልኩን ያገኘው ሰዎች ከ«ላይቭሊ» ጋር እያመሳሰሉ ስለ ጻፉት ነው። እንግሊዞች ራሳቸው በጥንት ጊዜ ያደባለቁትን ቃል የሌላ አገር ሰው ቢያደባልቀው ስለማያስደንቅ፣ ጸሓፊው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ከሰዋስው በኩል ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች በመጨረሻቸው «ሊ» ሲጨመርባቸው ተውሳከ ግስ ይሆናሉ። «ክዊክ» ፈጣን ማለት ሲሆን «ክዊክሊ» በፍጥነት ማለት ነው። «ላይቭሊ» ግን «ሊ» ቢኖርበትም ራሱ ቅጽል ነው፤ በዚህም «ፍሬንድሊ» እና «ሎንሊ» ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ «ሂ ስፖክ ላይቭሊ» ብሎ መጻፍ ትክክል አይደለም፤ «ሂ ስፖክ ኢን ኤ ላይቭሊ ዌይ» ይባላል። ሲበላለጥ «ላይቭሊየር» እና «ላይቭሊየስት»፣ ስም ሲሆን «ላይቭሊነስ» ይሆናል። በእነዚህ በሦስቱም ላይ የቃሉ የመጨረሻ ፊደል «ዋይ» ወደ «አይ» ይለወጣል። ሕይወት መስጠት፣ ማነቃቃት የሚለው ግስ ደግሞ «ኢንላይቨን» ነው።

ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ በሚሉት በአራቱ ፊደላት የሚጻፈውም ቃል ሁለት ንባብ አለው። ግስ ሲሆን «ሊቭ» ተብሎ ይነበባል፤ መኖር ማለት ነው። ቅጽል ሲሆን «ላይቭ» ተብሎ ይነበባል፤ ሕያው ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ «ላይቭ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢገኝ፣ ሽቦው ኃይል የሚተላለፍበት ስለ ሆነ የነካውን ይገድላል ማለት ነው። እንግዲህ ሕያው የሚለው ቃል ሞትን ለማስጠንቀቅ የሚገባበት ጊዜም አለ።

ሕይወትና እስትንፋስ በሌሎች ቃላት ውስጥ

በግእዝ ነፍስ፣ መንፈስና ነፋስ ከአንድ ሥር እንደ ተገኙ የታወቀ ነው። የላቲን ቋንቋም እንደዚሁ እስትንፋስንና ሕይወትን አያይዞ ይመለከት ነበር። «አኒማ» እስትንፋስና ነፍስ፣ «ስፒሪቱስ» እስትንፋስና መንፈስ ማለት ነበሩ። እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው «አኒሜትድ»ን፣ ከሁለተኛው «ስፒሪትድ»ን አገኘ። መኖር ማለት ከሆነው «ቪቬሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ወገን ደግሞ «ቪቪድ» እና «ቪቬሸስ» የሚሉት መጡ።

ይኸው የላቲን ቃል በአገራችን የጤና ጣቢያዎች ሳይቀር ይሰማል። የወባ በሽታ ከሚያመጡት ጥገኛ ነፍሳት አንዱ «ቫይቫክስ» የሚባለው ነው። ይህ ስም በ1890 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት የጣሊያን ሊቃውንት የተሰጠው ሲሆን፣ ትርጉሙ ንቁ፣ ሕይወት የበዛበት ማለት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ እጅግ ስለሚንቀሳቀስ እንዲህ ተባለ። «ቪቬሸስ» የሚለውም ከዚሁ ከ«ቫይቫክስ» የተወለደ ነው።

ቃላት ግን በአንድ ቦታ አይቆሙም። «ክዊክ» ዛሬ ፈጣን ማለት ይሁን እንጂ በጥንት ጊዜ ሕያው ማለት ነበር። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሕያዋንና ሙታን በሚለው አነጋገር ውስጥ ሕያዋን የተባሉት በዚህ ቃል ነው። ባዜቃም እንደ ሕያው ነገር ስለሚሮጥ «ክዊክሲልቨር»፣ ማለት ሕያው ብር፣ ተባለ። «ጌይ» የሚለውም ቃል እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ደስተኛና ፍልቅልቅ ማለት ሆኖ በመጻሕፍት ይገኛል፤ ዛሬ ግን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ላላቸው ሰዎች መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ ከአሮጌ መጽሐፍ ቃል የሚለቅም ጸሓፊ ቃሉ ዛሬም በዚያው ትርጉም ይኖር እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

እያንዳንዱ ቃል የሚገባበት ቦታ

1ኛ፤ «ላይቭሊ» ለሕፃን፣ ለዘፈን፣ ለከተማ፣ ለጨዋታና ለአእምሮ በመልካም ይነገራል። ለስብሰባና ለውይይት ሲነገር ክርክር እንዳለበት ያመለክታል። «ነገሩ ላይቭሊ ሆነ» ሲባል ደግሞ ሁከት ተነሣ ማለት ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ «ብሪስክ» የፍጥነትና የቅልጥፍና ቃል ነው። ለገበያ፣ ለአካሄድና ለማለዳ ነፋስ ይስማማል። ስለ ሰው አነጋገር ሲነገር ግን ሰውዬው ፈጠን ብሎ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ፣ ለጨዋታ ጊዜ የሌለው መሆኑን ያሳያል።

3ኛ፤ «አኒሜትድ» ለንግግርና ለፊት ነው። ሲናገር እጁም ዓይኑም አብሮት የሚናገር ሰው «አኒሜትድ» ይባላል።

4ኛ፤ «ስፒሪትድ» ወኔ ላለበት ነገር ይውላል። ጠበቃ ለተበደለ ሰው በቆራጥነት ሲከራከር፣ ጭነት ያልሰበረው ፈረስ ሲጋልብ በዚህ ቃል ይገለጻል። «ስፒሪትስ» የሚለው ስም ግን ጠንካራ መጠጥም ማለት ስለ ሆነ ጥንቃቄ ያሻዋል።

5ኛ፤ «ቪቬሸስ» በልማድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሴቶች የሚነገር ሲሆን፣ የፊትንና የጠባይን ፍልቅልቅነት ያመለክታል። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ሥራ ችሎታ አንዳች የሚናገረው ነገር የለም።

6ኛ፤ «ቪቪድ» ለቀለም፣ ለትዝታና ለአተራረክ ነው። በዓይን ላይ የሚሣል ነገር ሁሉ «ቪቪድ» ነው። ሰውን ራሱን «ቪቪድ» ማለት ግን አልተለመደም።

7ኛ፤ «አላክሪቲ» ስም ነው፤ የተጠየቁትን ነገር በደስታና ሳይዘገዩ መቀበልን ያመለክታል። ግብዣን ወይም ሹመትን ደስ ብሎት ወዲያው የተቀበለ ሰው «ዊዝ አላክሪቲ» ተቀበለ ይባላል።

8ኛ፤ «ስፕራይትሊ» ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ላልከበዳቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚነገር ነው። ስለ ሃያ ዓመት ወጣት ቢጻፍ ግን አንባቢውን ያስቃል።

ከእነዚህም ሌላ ከወጥ ቤት የወጡ የሚመስሉ ቃላት አሉ። «ፔፕ» የሚለው ቁንዶ በርበሬ ከሚባልበት «ፔፐር» ከሚለው አጥሮ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ የተስፋፋ ነው። «ዜስት» ለምግብ መዓዛ እንዲሰጥ የሚገባው የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭ ነበር። «ገስቶ» በጣሊያንኛ ጣዕም ማለት ነው። ሦስቱም ዛሬ የሰውን ንቃትና የሥራ ፍላጎት ይገልጻሉ። ነገር ግን ቅመም ለወጥ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ሲበዛም ወጡን ያበላሻል። ለወዳጅ በሚጻፍ ደብዳቤ መልካም ናቸው፤ በተለይም «ፔፕ» የጨዋታ ቃል ስለ ሆነ ለመሥሪያ ቤት ጽሕፈት አይስማማም።

«ሞቅ» የሚለው የአማርኛ ቃል ስለሚያመጣው አሳሳችነት

አማርኛን ለሚናገር ሰው ዋናው ችግር የሚነሣው ከራሱ ቋንቋ ሀብት ነው። «ሞቅ ያለ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ለብዙ ነገር ይበቃል፤ በእንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ይሻል። ሞቅ ያለ አቀባበል «ዎርም» ነው፤ ፍቅር አለበትና። የሞቀ ገበያ «ብሪስክ» ነው፤ ሽያጩ ይፈጥናልና። የሞቀ ክርክር «ላይቭሊ» ነው፤ ቁጣ ከገባበት ደግሞ «ሂትድ» ይባላል። ጠጅ ቤት አምሽቶ ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ ከአራቱም በአንዱ አይጠራም፤ ለእርሱ በጨዋ አነጋገር «ሜሪ» ይባልለታል። ይህን ሁሉ «ሆት» በሚለው ቃል የሚተረጕም ጸሓፊ እንግዳውንም፣ ነጋዴውንም፣ ጠበቃውንም፣ ሰካራሙንም በአንድ ምጣድ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

«ተጫዋች» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ተጫዋች ሰው ማለት አነጋገሩ የሚጣፍጥ፣ ከእርሱ ጋር ጊዜ የማይታወቅበት ሰው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ፕለየር» ቢባል የኳስ ተጫዋች፣ አልፎ ተርፎም ሴት አታላይ ማለት ሊሆንበት ይችላል። ተጫዋቹን ሰው «ላይቭሊ ካምፓኒ» ወይም «ጉድ ካምፓኒ» ማለት ይሻላል።

ሕይወት ከቅጽል ሳይሆን ከነገሩ ስለ መገኘቱ

ቃሉ በትክክል ቢገባም እንኳ ብቻውን ለጽሑፍ ሕይወት አይሰጥም። «ገበያው በጣም ላይቭሊ ነበር» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ጸሓፊው ደስ እንዳለው ያውቃል፤ ገበያውን ግን አያየውም። በዚህ ፈንታ «ከማለዳው በ1 ሰዓት የእህል ነጋዴዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ እስከ 5 ሰዓት ጤፉ ሁሉ ተሸጦ አለቀ» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ላይቭሊ» የሚለው ቃል ሳይጠራ ገበያው ሕያው ሆኖ ይታያል። ግሡ ይሠራል፤ ሰዓቱ ይመሰክራል፤ ቅጽሉ ሳያስፈልግ ይቀራል።

ይህን ምክር የእንግሊዝ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞችም አስፈላጊ ሆኖ አግኝቶታል። ሰር ኧርነስት ጋወርስ የተባሉት ከፍተኛ ባለሥልጣን በአገራቸው ገንዘብ ሚኒስቴር ጠያቂነት ለመንግሥት ጸሓፊዎች «ፕሌይን ዎርድስ» የሚባለውን መጽሐፍ በ1948 አሳተሙ፤ በ1954ም ሰፋ ብሎ እንደ ገና ወጣ። ከምክሮቻቸው አንዱ፣ ቅጽል ሐሳብን ለማጥራት ሲሆን ይግባ፣ ለማጋነን ብቻ የገባው ግን ይጠርጠር የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ተወልደው እንግሊዝኛን ከእናታቸው ለተማሩ ሰዎች ይህ ምክር ካስፈለገ፣ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ይበልጡን ያስፈልገዋል።

እንደዚሁም ፒተር ማርክ ሮጄ የተባሉት ሐኪም በ1852 ያሳተሙት «ቴሶረስ» የተባለ የቃላት መጽሐፍ፣ በትርጉም የሚዛመዱትን ቃላት በአንድነት ሰብስቦ ያቀርባል። መጽሐፉ ረስቶት የነበረውን ቃል ለሚፈልግ ሰው ታላቅ ጥቅም አለው። የማያውቀውን ቃል ለማስዋብ ብሎ ለሚለቅም ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል። በአንድ ረድፍ የተጻፉ ቃላት በአንድ ቦታ የሚገቡ አይደሉም።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የምስክርነት ደብዳቤ ነው። አንድ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ለሥራ ለምታመለክት ተማሪው «ላይቭሊ እና ቪቬሸስ ልጅ ናት» ብሎ ቢጽፍላት፣ ልቡ ማመስገን ነው። ቀጣሪው ግን የሚያነበው ልጅቱ ሳቂታና ጨዋታ ወዳድ መሆንዋን ብቻ ነው፤ ስለ ሥራዋ ምንም ስላልተጻፈ የሚጻፍ አልተገኘም ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ለሁለት ዓመት የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ ያለ ስሕተት ይዛለች፤ ታናናሾችዋንም ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስተምራለች» ቢባልላት ግን ንቃትዋም ትጋትዋም ሳይነገር ይታወቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደ ተባለ፣ በማኅተም የወጣ ደብዳቤም አይመለስም፤ የልጅቱ እንጀራ በዚያው ወረቀት ላይ ነው።

መልመጃ

አንባቢ ከዚህ ቀጥሎ ላሉት ዐረፍተ ነገሮች የሚስማማውን የእንግሊዝኛ ቃል ይምረጥ።

ሀ) ወፍጮ ቤቱ ከተቃጠለ ወዲህ ባለቤቱ ____ አጥቷል።
ለ) አዲሱ ሐኪም ወደ ገጠሩ ጣቢያ እንዲሄድ ሲጠየቅ በ____ ተቀበለ።
ሐ) ሽማግሌው የልጅነታቸውን ዘመን በ____ አተራረክ አወሩ።
መ) የባልትና ነጋዴዎች በበዓል ዋዜማ ____ ሽያጭ ነበራቸው።
ሠ) ስለ ግጦሽ መሬቱ ድንበር ____ ውይይት ተደረገ፤ በመጨረሻም ስምምነት ተገኘ።

መልሱም፤ ሀ) ላይቭሊሁድ፣ ለ) አላክሪቲ፣ ሐ) ቪቪድ፣ መ) ብሪስክ፣ ሠ) ላይቭሊ። በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ክርክር እንደ ነበረ ከነገሩ ስለሚታወቅ ቃሉ ቦታውን አግኝቷል፤ ስምምነት መገኘቱም ተለይቶ ስለ ተጻፈ አንባቢው አይሳሳትም። በመጀመሪያ የተነገረለት የውኃ ስብሰባ ሪፖርትም እንዲህ ባለ ግልጽ ቃል፣ ማለት «ብዙ ሰው መጣ፤ መዋጮውንም ሁሉም ተቀበለው» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ድርጅቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አይኖርም ነበር።